በአውድማ ላይ የተጠና እንግሊዝኛ

«ጮቄ አናቱ ላይ ደመናው ተኝቶ፣
የኔ ሆድ … … … ከርሞ ሰንብቶ።»

ታረቀኝ ይህን ዘፈን ሲያንጎራጉር ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይሰናከላል። «የኔ ሆድ» ካለ በኋላ ያለው ቃል ከጠፋው ቆይቷል። በተማሪነቱ ዘመን፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ ከመርጡለ ማርያም ወደ ቁይ ሲሻገር፣ ሰርገኞች ሲዘፍኑት መንገድ ላይ የሰማው ነው። ሰርገኞቹ ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ እሱ ወደ ግራ፤ ቃሉም እነሱ ጋር ቀረ። ዜማው ግን አብሮት መጣ፣ አብሮት ጎጆ ወጣ። ስለዚህ በባዶዋ ቦታ ያሻውን ቃል ያስገባባታል። በዚያ በ1933 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከአምበር በላይ ባለችው መንደሩ በሬዎቹን በጤፍ አውድማ ላይ እያዞረ ያስገባባት ቃል «ነቨርዘለስ» የሚል ነበር።

«የኔ ሆድ፣ ነቨርዘለስ፣ ከርሞ ሰንብቶ…»

«ደግሞ ዛሬ ማን ናት እሷ?» አለች ሚስቱ አሰገደች፣ ገለባውን በመንሽ እየገለበጠች።

«ሰው አይደለችም። በግዕዝ ወባሕቱ እንደምንለው ናት።»

«ወባሕቱስ የማን ልጅ ናት?»

«ይሁን እንጂ ማለት ነው፣ አንቺ። ነገሩ ሁሉ አበቃ፣ ተቆረጠ ስትዪ ወባሕቱ ትመጣና ታስነሣዋለች።»

«እንዲያ ከሆነ ለበሬው ንገርልኝ። እሱም አበቃሁ ብሎ ቆሟል።»

ታረቀኝ ሳቀና በሬውን ገሠጸው፤ በሬውም በወባሕቱ ሳይሆን በጅራፉ ተነሣ።

ይህ ሰው እንግሊዝኛን ያገኘው በልውውጥ ነበር። ቅኔውን ከተቀኘ በኋላ ልቡ ሸፍቶ አዲስ አበባ ወረደ። እዚያ ግዕዝ መማር የሚፈልግ አንድ እንግሊዛዊ የሚሲዮን መምህር ገጠመው። ከሰዓት በኋላ፣ ከጽድ ዛፍ ጥላ ሥር አንድ በርጩማ ላይ አንደኛው፣ ሌላ በርጩማ ላይ ሌላኛው ተቀምጠው ቋንቋቸውን እንደ ጨውና እንደ በርበሬ ተለዋወጡ። ጦርነቱ ሲመጣ እንግሊዛዊው በባቡር ወደ ባሕር ሄደ፤ ታረቀኝ በእግሩ ወደ ጎጃም። ይዞት የተመለሰው ንብረት አፉ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

እሱም አደገኛ ንብረት ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ የፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቁ ልጆች እየተጠሩ ሄደው አልተመለሱም። ታረቀኝ ሞፈርና ቀንበር ያዘ፣ ገበሬ ነኝ አለ፣ ገበሬም ሆነ። ወባሕቱ፣ ቋንቋ እንደ ማረሻ ነው፤ ካላረሱበት ይዝጋል። እንዳይዝግ ደግሞ ቆርጧል። እንግሊዝኛው አፉ ላይ ቢሞት፣ ያ የጽድ ጥላ፣ ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ወጣትነቱ አብሮ የሚሞት ይመስለው ነበር። ስለዚህ በየቀኑ፣ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ፣ ፊቱን ለበሬዎቹ አድርጎ ያጠናል።

የሚያጠናውም ቅኔ ቤት በተማረው መንገድ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱን ካወረደ በኋላ ወደ አገባብ ይገባል፤ ቃሉ የት እንደሚቆም፣ ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ በማን ፊት እንደሚያፍር ይማራል። ታረቀኝም እያንዳንዱን የእንግሊዝ አነጋገር ከነቤቱ ካላየው ገባኝ አይልም። «በሬን በቀንዱ መያዝ» የሚለውን፣ አንድን ከባድ ነገር ፊት ለፊት መጋፈጥ ማለት ነው ብሎ መምህሩ ነግሮታል። ታረቀኝ ይህን ሲያጠና በእውነት ሄዶ ዳልቻውን በሬ በሁለት ቀንዱ ይይዘዋል።

«የዋህ በሬ ነው፣ ምን አደረገህ?» ትለዋለች አሰገደች።

«ከባድ ነገር እየተጋፈጥኩ ነው።»

«ከባድ ነገርስ ወዲያ ያልታጨደው ባቄላ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ እንግሊዝ ፈሪውን ሰው «እግሩ በረደው» እንደሚለው አስረዳት። አሰገደች በባዶ እግሯ ውርጭ ላይ ቆማ ነበርና ቁልቁል እግሯን አየች።

«እንዲያማ ከሆነ» አለች፣ «በእንግሊዝ ዓይን ጮቄ ላይ ያለነው ሁሉ ፈሪዎች ነን።»

አሰገደች ፊደል አልቆጠረችም። ግን እሷ ባትኖር ቋንቋው ባልቆየለትም ነበር። ሲፈልግ የገበያ ሴት፣ ሲፈልግ ዳኛ፣ ሲፈልግ የእንግሊዝ ንጉሥ ያደርጋታል፤ እሷም መንሿን ይዛ ንጉሥ ትሆንለታለች። «በል ተናገር፣ ሥራ አለብኝ» ትለዋለች ንጉሡ።

አንድ እምነት ነበረው። የጎጃም ልጅ ነውና፣ ትልቅ ሰው ነገሩን ራቁቱን አይናገርም ብሎ ያምናል። ሐሳቡን እንደ ወረደ የሚጥል ሰው ያልተቀጣ ነው፤ የተከበረ ሰው ቃሉን ያለብሳል፣ ያስጌጣል፣ ዞር ብሎ ይመጣል፤ ሰሚውም ዞሮ ይቀበለዋል። እንግሊዝም ትልቅ ሕዝብ ነው። እንግዲያስ የእንግሊዝኛው ከፍተኛ ማዕረግ እዚያ ጌጡ ውስጥ መሆን አለበት ሲል ደመደመ። ጌጡን ሰበሰበ። ረዣዥሞቹን ቃላት፣ አነጋገሮቹን፣ በመካከል የሚገቡትን ወባሕቱዎች እያጠበ እያደረቀ ለክብር ቀን አስቀመጣቸው።

የክብሩ ቀን በቀኛዝማች እንዳላማው ሰው፣ በውበቱ በኩል መጣ።

ቀኛዝማች እንዳላማው በዚያ አካባቢ ዱር ቤቴ ያለው አርበኛ ሁሉ አለቃ ናቸው። ውበቱ ጠመንጃውን እንዳነገተ አውድማው ዳር ቆመ።

«አያ ታረቀኝ፣ ቀኛዝማች ይፈልጉሃል። አንድ የእንግሊዝ ሻምበል ከሱዳን መጥቶ ሰፈር ላይ አርፏል። ቱርጁማኑን ቆላው ላይ ወባ ጣለው። የሚነጋገሩበት አፍ የለም።»

«እኔ እንግሊዝኛ እንደማውቅ ማን ነገራቸው? ስንት ዓመት ሙሉ ደብቄው?»

ውበቱ አሰገደችን አየ፤ አሰገደች ወደ ገለባው አቀረቀረች።

«ደብቄው ነው ያልከው?» አለ ውበቱ። «አያ፣ እረኞቹ ከብት ሲነዱ ነቨርዘለስ እያሉ ነው።»

በመንገድ ላይ ውበቱ ነገሩን አጫወተው። ሻምበሉ መትረየስና ጥይት አምጥቷል፤ በዋናው መንገድ ላይ ያለውን የጣሊያን ምሽግ በዚሁ ሳምንት መምታት ይፈልጋል። ታረቀኝ ይህን ሲሰማ እግሩ ዝግ አለ። ምሽጉ ከመንደሩ ሆነው ሲያዩት ዐይን የሚገባ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ሌሎች አርበኞች ያንኑ ምሽግ መትተው ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ፤ በማግሥቱ የጣሊያን ጦር መጥቶ ታችኛውን መንደር ከነአውድማው አቃጠለው። የአሰገደች እኅት ማሬ ከዚያ የወጣችው ታናሽ ልጇን በነጠላዋ ገንዛ ነው። ዛሬ በእነታረቀኝ ጎጆ ማዕዘን ትተኛለች፣ እሳት ሲጫር ፊቷን ታዞራለች። አሁን ደግሞ የነሱ መንደር እህል በሙሉ ሜዳ ላይ ነው፤ ገና አልተወቃም፣ ገና ወደ ዋሻ አልገባም።

«ቀኛዝማች ምን አሉ?» ሲል ጠየቀ።

«እህሉ ሳይገባ አንመታም ነው የሚሉት። አንተ ንገርልን፤ ሌላ የሚነግርልን የለም።»

ታረቀኝ ነጠላውን አጠበቀ። እነግርልሃለሁ አላለም፤ ግን ከዚያች ቦታ ጀምሮ እርምጃው ተለወጠ።

ሰፈሩ ገደል ሥር፣ ከኮሶ ዛፎች መካከል ነበር። ከቅጠል በተሠራው ዳስ ውስጥ ገበታ ቀርቧል። የመንደሮቹ ሴቶች ምግብ ተሸክመው መጥተዋል፤ አሰገደችም ከእኅቷ ከማሬ ጋር በአቋራጭ ቀድማ ደርሳ ከእነሱ ጋር በጓዳው በኩል ቆማለች። ቀኛዝማች እንዳላማው ጎፈሬያቸው እስከ ትከሻቸው የወረደ፣ በወጣትነታቸው ቅኔ የተቀኙ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ሻምበል ፔንሮዝ ተቀምጧል። ፀሐይ አፍንጫውን ልጣዋለች፤ ካርታ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እርሳስ በጆሮው ላይ ሰክቷል። ቱርጁማን ከገበታ ጋር አይቀመጥም። ሁለት ሰዎች ሲበሉ እሱ በመካከላቸው ይቆማል፤ አፉ የእሱ አይደለምና አይጎርስበትም። ታረቀኝ ቆመ።

ቀኛዝማች እጃቸውን ታጥበው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእንግዳቸው አጉርሰው፣ ተናገሩ።

«እንግዳችን እንኳን በደኅና መጡ። ቤታችን ቤትዎ ነው፤ ጠመንጃችን ጠመንጃዎ ነው። የመጡበትን መንገድ እግዚአብሔር ይባርከው። እንግዲህ በኛ አገር ጭልፊት ሲያንዣብብ ያየች ዶሮ መጀመሪያ ክንፏን ትዘረጋለች፤ ምንቃሯን የምትስለው ጫጩቶቿ ከተከተቱ ወዲያ ነው። ሜዳችንን ሲያዩት ወርቅ መስሎ ተኝቷል፤ ወርቅ ደግሞ ተሰብስቦ እንጂ ተበትኖ አያምርም።»

ዳሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአድናቆት አጉረመረሙ። ማንም ጎጃሜ ይህን ሲሰማ «በዚህ ሳምንት አንዘምትም» ማለታቸው እንደሆነ ያውቃል። ታረቀኝም ደሙ ሞቀ። ለስንት ዓመት አጥቦ ያስቀመጠውን ሁሉ አወጣ። ጭልፊቱን በእንግሊዝኛ አበረረው፣ ጫጩቶቹን ሰበሰበ፣ በመካከል «ነቨርዘለስ»ን እንደ ጸናጽል አንሿሿው። ሲጨርስ አሰገደች ከጓዳው በኩል በኩራት ታየው ነበር።

ሻምበሉ ፈገግ አለ። «እጅግ ድንቅ ነው» አለ፤ «ጠመንጃቸውን ስለሰጡን አመስግንልኝ። እንግዲያው ሐሙስ ንጋት ላይ እንመታለን።» እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ካርታው ላይ መሥመር አሰመረ።

ታረቀኝ ይህንኑ ሲያደርስላቸው ቀኛዝማች አልተቆጡም። የጨዋ እንግዳ ወግ ነው ብለው ወሰዱት፤ ጨዋ እንግዳ የመጀመሪያውን እምቢታ እንዳልሰማ ያልፋል፣ ሁለተኛውን ይቀበላል። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ከፊተኛው ይበልጥ አሳምረው፣ ስለ ዝናብና ስለ ክዳን ተናገሩ። ታረቀኝም ከፊተኛው ይበልጥ አሳምሮ ተረጎመ። ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ፣ ጠላውን አነሣ፣ እንደገና መሥመር አሰመረ። መሥመሩ በነታረቀኝ መንደር አጠገብ ያልፋል።

ያኔ ታረቀኝ የሆነውን አየ። ቀኛዝማች እምቢ ብያለሁ ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ሻምበሉ እሺ ተብያለሁ ብሎ ደስ ብሎታል። ሁለቱም ይበላሉ። ሐሙስ ንጋት ላይ ሻምበሉ ተኩስ ይከፍታል፤ የቀኛዝማች ሰዎች እህል ሲጭኑ ድንገት ይሰሙታል፤ ከዚያ ጦሩ ይመጣል። ይህን በዳሱ ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የሻምበሉን ፊት እንደ አገባብ አነበበው። ሰውየው «ጠመንጃችን ጠመንጃዎ» የሚለውን በሰማ ጊዜ እጁ ወደ እርሳሱ ሄደ፤ ጭልፊቱ ሲመጣ ዓይኑ ወደ ወጡ ሄደ። ነገር ሲያጌጥለት ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለዚህ ሰው ክብሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ታረቀኝ እስከ ዛሬ ካጠናቸው ቃላት ሁሉ ውስጥ ፈለገ። የሚፈልገውን ቃል አንድም ቀን አላጠናውም። ውበት ስለሌለው ንቆ የተወው ቃል ነበር።

«ኖ» አለ።

ሻምበሉ እንስራ የወደቀ ይመስል ቀና አለ።

ቀኛዝማችም ጉርሻቸውን ይዘው ቆሙ። እሳቸው አልተናገሩም፤ ቱርጁማኑ ግን ተናግሯል።

«ምን አልከው?» አሉ በቀስታ።

«እምቢ አልኩት ጌታዬ።»

ውበቱ የጠመንጃውን ማንገቻ ጨበጠ።

«በገበታዬ ላይ? እንግዳዬን? በእኔ አፍ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«እኔ እምቢ አላልኩም፣ አንተ ደብተራ። ሁለት ጊዜ የተናገርኩትን ያን ሁሉ ቃል የት ጣልክብኝ?»

ታረቀኝ አላጎነበሰም። የማሬን ነጠላ አሰበ።

«ልጠይቅዎት ጌታዬ። ሐሙስ ይዘምታሉ?»

የቀኛዝማች ፊት ላይ አንድ ጅማት ተነሣ። ራቁቱን ቃል ማንም ሲያወጡት ሰምቷቸው የማያውቀው ሰው፣ «አልዘምትም» አሉ።

«እኔም ያልኩት እሱን ነው። ከዚህ ቀደም ያልኩትን አልሰማውም። ጌጡን ተቀብሎ ነገሩን ትቶታል። እሱ በካርታው ላይ ሐሙስ ብሎ አስምሯል፤ ይኸው፣ መሥመሩ በደጃችን ያልፋል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ካርታውን አዩ። ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ሻምበሉ በዚህ መካከል፣ ፊቱ ቀልቶ። «ጦርነቱን እምቢ እያሉ ነው?»

ታረቀኝ ወደሱ ዞረ። አሁን የሚናገረው እንግሊዝኛ አሰገደች መንሿን ይዛ ንጉሥ ስትሆንለት በተናገረው ቁጥር ያፈረበት ዓይነት ነበር፤ አጭር፣ ደረቅ፣ እንደ ሽሮ ያለ።

«ሐሙስን እምቢ ብለዋል፤ አንተን እምቢ አላሉም» አለው። «አምና ምሽጉ ተመታ። የመቱት ሰዎች ሄዱ። በማግሥቱ መንደር ተቃጠለ። ልጆች ሞቱ፤ አንደኛው የሚስቴ እኅት ልጅ ነው። ዘንድሮ የኛ እህል ሜዳ ላይ ነው። ወደ ዋሻ እስክናስገባ ቆይ። ስንዘምት ደግሞ አንድ መትረየስ ከመንደሩ በላይ ባለው የተራራ በር ላይ ይቀመጥ፣ ምሽጉ ከተመታ በኋላም እዚያው ይቆይ። ይህ ከሆነ ቀኛዝማች ከነሠራዊታቸው ይመጣሉ። ይህ ካልሆነ ብቻህን ነህ።»

ሻምበሉ ጥያቄ ጠየቀ። ዋሻው የት ነው? ሴቶቹና ሕፃናቱስ? በቅሎ ስንት ይገኛል? ታረቀኝ እየተቀበለ ወደ ቀኛዝማች፣ ከቀኛዝማች ወደ ሻምበሉ አመላለሰ። ሽማግሌው መጀመሪያ ቃላቸው ሲያጥርባቸው ልብሳቸውን የተገፈፉ ያህል ተሸማቀቁ፤ ቆይተው ግን ነገሩ የጣማቸው ይመስል፣ የሻምበሉ ጥያቄ ሳያልቅ መመለስ ጀመሩ።

«እስከ መቼ?» አለ ሻምበሉ።

«እስከ አስተርዮ ማርያም» አሉ ቀኛዝማች። «በማግሥቱ ጀንበር ሳትወጣ እኔ ራሴ ፊት ፊቱን እሄዳለሁ። በል ንገረው፣ እንዳታስጌጥ።»

ታረቀኝ ነገረው። ሻምበሉ ከኪሱ ላጲስ አውጥቶ መሥመሩን አጠፋው። የወረቀቱ ፊት እስኪሻክር ድረስ ነው ያጠፋው።

«ግን ይህን መጀመሪያውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለት ጊዜ ነግረውሃል» አለ ታረቀኝ። «እኔም ሁለት ጊዜ ነግሬሃለሁ። በጣም አሳምረን።»

ሻምበሉ ሳቀ፤ ቀኛዝማች የሳቀበትን ካልነገርከኝ አሉ። ሲነገራቸው ጎፈሬያቸውን አከኩ። «ያ ኖ የምትለው» አሉ ታረቀኝን እያዩ፣ «ባለጌ ቃል ነው። ደጋግመህ አትጠቀምበት።» ከዚያም ተነሡና እንግዳቸውን የተራራውን በር ሊያሳዩት፣ መትረየሱ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ሊያስመርጡት ይዘውት ወጡ። ለዚያ ጣት ይበቃል፤ ቱርጁማን አያስፈልግም። ወንዶቹ ተከተሏቸው። ከውጭ ውበቱ በቅሎ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ይጫን እያለ ሲጣራ ይሰማ ነበር።

ታረቀኝ በባዶው ዳስ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ጠይም ፊቱ ላይ ላብ ደርቆ ጨው ሠርቷል። ከጓዳው በኩል አሰገደች መጣች። አንድ ሳህን ሽንኩርት የበዛበት የፍየል ወጥ፣ ሁለት እንጀራ፣ አንድ ዋንጫ ጠላ ይዛለች።

«ያ ጭልፊቱ ግን» አለች፣ «ደስ ይል ነበር።»

«ደስ ይላል። ሻምበሉ አልሰማውም እንጂ።»

«እኔ ሰማሁት። በል ቁጭ በል።»

«ማሬ ብቻዋን ልትጭን ነው፤ ሄጄ…»

«ማሬ ከኔ ቀድማ በቅሎ ይዛለች። ቁጭ በል አልኩህ።»

ቀኛዝማች ከተቀመጡበት አጎዛ ጎን፣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። አሰገደች እጁን አስታጠበችው። ወጡ ቀዝቅዞ ዳሩ ረግቷል። እንጀራውን ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ አጎረሳት፤ ከዚያ ለራሱ ጎረሰ፣ ሳህኑ እስኪጸዳ ድረስም በላ።